ኮት ያለበሱት ተጫዋች

በንቲ ደገፋ ጎልፍ የተማረው አባቱ ገብስ ያበራዩበት በነበረ መሬት ላይ ነው። ይህን ሲናገር የሚሰማው ሰው መጀመሪያ ይስቃል፤ ቆይቶ ነገሩ ሲገባው ሳቁን ይውጣል።

ከጎፋ ወደ ላፍቶ ሲወረድ፣ በባሕር ዛፍ የታጠረ ሰፊ መስክ ነበር። በጃንሆይ ዘመን ሰዎች መጥተው ለኩት፤ አጠሩት፤ ወሰዱት። ለሆስፒታል ወይም ለትምህርት ቤት ወስደውት ቢሆን ኖሮ የበንቲ አባት ኦቦ ደገፋ ይቆጫቸውና ይተዉት ነበር። የተወሰደው ግን ፈረንጆችና ጌቶች ትንሽ ነጭ ኳስ በዱላ መትተው፣ ደግሞ እሷኑ ፍለጋ ሲከተሉ እንዲውሉበት ነው። ኦቦ ደገፋ ይህ መጀመሪያ ሲነገራቸው ያላገጡባቸው መስሏቸው ነበር።

መሬቱን ያስወሰደው ባለሥልጣን ክፉ ሰው አልነበረም፤ ጉዱም ያ ነው። ክፉ ቢሆን ኖሮ ይሟገቱት፣ ይከሱት፣ ሌላው ቢቀር ይረግሙት ነበር። እሱ ግን በአገር ፊት አቅፎ ሳማቸው፤ የገዛ ጥቁር ካፖርቱን ከትከሻው አወለቀና ግራና ቀኙን ይዞ ከፈተላቸው። ካፖርት ከፍቶ የቆመን ሰው ምን ይሉታል? ኦቦ ደገፋ ጎንበስ ብለው ሁለቱንም እጃቸውን እጅጌው ውስጥ አስገቡ። ሴቱ እልል አለ። በማግስቱ መስኩ ላይ ችካል ተተከለ፤ ቤተሰቡም ከዚያ ወዲህ ወንዙ ዳር በቀረችው ቁራሽ መሬት ላይ ገብስና ጎመን እየዘራ ኖረ። ካፖርቱ ጃንሆይንም ደርግንም አሳልፎ፣ ክርኑ ላይ ተጥፎ፣ አሁንም የኦቦ ደገፋ የክት ልብስ ነበር።

ኦቦ ደገፋ እዚያ መስክ ላይ ዳግመኛ እግሬ አይረግጥም ብለው በሀና ማርያም ማሉ። ልጆቻቸውን ግን "የሰጣችሁን ሰው እጅ አትመልሱ፣ ነውር ነው" እያሉ አሳደጉ። ያ ካፖርት ያንን ሁሉ ካደረጋቸው በኋላ ይህን ማስተማራቸው ያስገርማል፤ ያናድዳልም። ግን አባታቸውም ለሳቸው ያስተማሩት ይህንኑ ነበር፤ ሌላ የሚያስተምሩት አልነበራቸውም።

በንቲ የአባቱን መሐላ አልማለም። እንደ ሰፈሩ ልጆች ሁሉ በአጥሩ ሾልኮ ገባ፤ መጀመሪያ የጠፋ ኳስ ፈላጊ፣ ጉልበቱ ሲጠና የተጫዋቾችን የዱላ ቦርሳ ተሸካሚ፣ እነሱ ካዲ የሚሉት ሆነ። ሰኞ ሰኞ ሜዳው ለአባላት ዝግ ስለሆነ የካዲዎች ቀን ነበር። ከተጣለ ብረት ያበጇትን አንዲት ዱላ ለአራት እየተቀባበሉ ይጫወታሉ። በዚያ ሜዳ ላይ ሣር የሚያምረው እሩቅ ለእሩቅ ነው እንጂ፣ ኳሷ የምትገባባቸው ጉድጓዶች ዙሪያ ያለው በተቃጠለ ዘይት የተለወሰ ጥቁር አሸዋ ነበር። ኳሷ እዚያ ላይ ስትንከባለል እንደ ተንኮለኛ ሰው ወዴት እንደምትሄድ አታስታውቅም። ለበንቲ ግን ታስታውቅ ነበር። ሰባተኛው ጉድጓድ ያለበት ቦታ የአባቱ አውድማ ነው፤ አምስተኛው ጋ ባቄላ ይዘራ ነበር፤ አሥራ አንደኛውን ደግሞ ሐምሌ በገባ ቁጥር ውሃ ይተኛበታል። ይህን ሁሉ አባቱ ማታ ማታ እንደ ሙት እያነሡ ሲያወሩ ሰምቶታል። በንቲ ኳስ ለመምታት ሲቆም ግን ስለ መሬቱ ቂም አያስብም ነበር። ደስ ስለሚለው ነው የሚመታው፤ ዱላው ኳሷን መሀል ወገቧ ላይ ሲያገኛት እጁ ላይ ምንም አይሰማውም፣ ቀና ሲል ኳሷ ሰማይ ላይ ናት። በሕይወቱ እንደዚያ ቀለል ብሎ የሄደለት ሌላ ነገር አልነበረም።

በ1986 ዓ.ም. ጊዜው የዴሞክራሲ ነው ተብሎ፣ ክለቡ በየዓመቱ ኅዳር ላይ በሚያካሂደው የዋንጫ ውድድር ካዲዎችም እንዲገቡ ተፈቀደ። አባላቱ ይህን ሲፈቅዱ ደግ መሆናቸው ለራሳቸው ሳይቀር ደስ ብሏቸው ነበር። በንቲ ገባ፤ ዋንጫውን ወሰደ። አጨበጨቡለት። በ1987ም ገብቶ ወሰደ። በዚህኛው ዓመት ጭብጨባው በጣት ጫፍ ነበር። ሁለቱንም ጊዜ ሁለተኛ የወጣው የክለቡ ጸሐፊ ክብረት ነው፤ የመኪና መለዋወጫ አስመጪ፣ ሳቂታ፣ ሰው ሲያናግር ትከሻ የሚነካ ሰው። በንቲን "የኛ ጀግና!" ብሎ አቀፈው።

ለሁለተኛ ጊዜ ባሸነፈ ቀን ኦቦ ደገፋ ልጃቸውን ቤት ውስጥ ለብቻው አስቀመጡት። ስለ ዋንጫው አንድም ነገር አልጠየቁም።

"ስምህን እንዴት ብለው ጠሩት?" አሉት።

"በድምፅ ማጉያ ነዋ። ኳስ መምታት የሚጀመርበት መነሻው ላይ አንድ ሰው ቆሞ እየጮኸ ይጠራል።"

"ምን ብሎ?"

"በንቲ ደገፋ፣ ብሎ።"

"ደገፋንም ጨምሮ?"

"ጨምሮ፣ አባባ።"

"እስከ አውድማው ይሰማል?" አሉ ኦቦ ደገፋ።

"እስከ ወንዙ ይሰማል።"

በሳምንቱ ሽማግሌው ከንስሐ አባታቸው ዘንድ ሄደው ከመሐላዬ ይፍቱኝ አሉ። ቄሱ ስግደት አዘዟቸው። ሰባ ያለፋቸው ሰው እየወደቁ እየተነሡ፣ ጉልበታቸው እስኪላጥ ሰገዱ። የሚቀጥለው ኅዳር መስኩ ላይ ቁጭ ብለው ስማቸው በዚያ መሬት ላይ ሲጠራ ሊሰሙ ነው። በንቲም ከዚያን ቀን ጀምሮ ለዋንጫው ሳይሆን ለዚያች አንዲት ጥሪ ተጫዋች ሆነ። አባቱ መሬቱን አልጠየቁም፣ ካሳም አልጠየቁም፤ ስማቸው እዚያ ላይ አንድ ጊዜ ጮክ ተብሎ እንዲጠራ ብቻ ነው የፈለጉት። ከዚህ ያነሰ ምን ይጠየቃል?

ግንቦት ላይ ክለቡ በንቲን ጠራው። የክለቡ ቤት በረንዳ ላይ ለስላሳ ተደርድሯል፤ ሰው ለባብሷል። ክብረት ንግግር አደረገ፦ በንቲ ከዛሬ ጀምሮ ካዲ አይደለም፤ የክለቡ ፕሮፌሽናል ነው፤ አባላትን ያስተምራል፤ በየወሩ ደሞዝ ይከፈለዋል። ይህን ካለ በኋላ ደረቱ ላይ የክለቡ ምልክት የተጠለፈበት ሰማያዊ ኮት አመጣና ግራና ቀኙን ይዞ ከፈተለት። በንቲ ጎንበስ ብሎ፣ ዞሮ፣ ሁለቱንም እጁን አስገባ። ጭብጨባው በዚህ ቀን በሙሉ መዳፍ ነበር።

ቤት ሲደርስ ሚስቱ ቡዜ ጎፋ ጉሊት ላይ ሽንኩርቷን ለጎረቤት ጥላ እየሮጠች መጣች። ኮቱን ዳሰሰችው፤ ገልብጣ ገበሩን አየችው፤ እልል አለች። በግ ታረደ። ጎረቤት ሁሉ መጥቶ "ደግ አደረጉ፣ ደግ አደረጉ" ሲል ዋለ። ያን ዕለት በንቲን በዚያ ኮት ከጨዋታ ያስወጡት ሰዎች እዚያው ቤት ተጋብዘው ነበር፤ ክብረት ራሱ ጥብስ እየበላ መረቀው፤ የቤቱም ሰው አሜን አለ። ሽማግሌው ብቻ ኮቱን ትንሽ ፈዘዝ ብለው አዩትና "ልክህ ነው" አሉ።

ኅዳር 1988 ደረሰ። የውድድሩ ዕለት ጠዋት ኦቦ ደገፋ ካፖርታቸውን ለብሰው፣ ዱርዬ እንዳይወስድባቸው ዱላቸውን በብብታቸው አጣብቀው፣ በርጩማ አስይዘው መጡ። ከመነሻው አጠገብ ጽድ ሥር ተቀመጡ። በንቲ ለመመዝገብ ወደ ክብረት ሄደ።

"እንዴ በንቲ!" አለ ክብረት እየሳቀ። "አንተማ አሁን ፕሮፌሽናል ነህ እኮ። በማስተማር ደሞዝ የሚበላ ሰው ከኛ ጋር አይወዳደርም። የዓለም ሕግ ነው፤ እኔ አላወጣሁት።"

በንቲ የቀለደበት መስሎት አብሮ ሳቀ። የክብረት እጅ ትከሻው ላይ ሲያርፍ ቀልድ እንዳልሆነ ገባው።

"ታዲያ እኔ የምወዳደረው ከማን ጋር ነው፣ ጋሽ ክብረት?"

"ከፕሮፌሽናሎች ጋር ነዋ።"

"አገሩ ላይ ሌላ ፕሮፌሽናል ማን አለ?"

ክብረት አሰብ አደረገ። "ይኸውልህ፣" አለ፣ "ካገር አንደኛ ሆንክ ማለት ነው!"

"ኮቱን ስታለብሱኝ ለምን አልነገራችሁኝም?"

"አልጠየቅከንማ! ማንም ሰው የሚያውቀው ነገር መስሎኝ።" ከዚያ የድምፅ ማጉያውን ከጠረጴዛው ላይ አነሣ። "ይልቅ ድምፅህ ጥሩ ነው። እስኪ ዛሬ ስም ጥራልን።"

በንቲ አባቱ የተቀመጡበትን ጽድ አየ። ማጉያውን ወርውሮት መሄድ ነበረበት። ቢወረውረው ምን ይሆን ነበር? ምንም። ከሥራ ቢወጣም ቦርሳ ተሸክሞ ኖሮ ያውቃል። ግን ሰው ፈገግ ብሎ የዘረጋለትን ነገር እንዴት እንደሚተው ማንም አላስተማረውም፤ በሁለት እጁ ተቀበለ።

ስም ጠራ። ሐኪሙን ጠራ፣ ነጋዴውን ጠራ፣ የኤምባሲውን ሰው ጠራ፣ የያንዳንዱን አባት ስም ጨምሮ ጠራ። ድምፁ እስከ ወንዙ ሄደ። አንድ ስም በተጠራ ቁጥር ኦቦ ደገፋ ቀና ይላሉ፤ ያልፋል፤ መልሰው አገጫቸውን ዱላቸው ላይ ያሳርፋሉ። የመጨረሻው የክብረት እህት ልጅ ጆኒ ነበር፤ በንቲ ራሱ ዱላ አያያዝ ያስተማረው ጎረምሳ። እሱም መትቶ ሄደ። መነሻው ባዶ ሆነ። ሽማግሌው አልተነሡም።

በንቲ ሄዶ አጠገባቸው ቆመ።

"ጨረስክ?"

"ጨረስኩ፣ አባባ።"

"ያንተ ስም የታለ?"

"እኔ አስተማሪ ሆኛለሁ። አስተማሪ አይጫወትም።"

"አስተማሪ መቼ ሆንክ?"

"ኮቱን የለበስኩ ቀን።"

ኦቦ ደገፋ የልጃቸውን ኮት ከላይ እስከ ታች አዩት። ቀጥለው ዓይናቸውን ወደ ራሳቸው ደረት አወረዱ፤ ቀስ ብለው የካፖርታቸውን ቁልፍ እስከ አንገታቸው ቆለፉ። "ብርድ ነው፤ እንሂድ" አሉ። ያን ዓመት ዋንጫውን ጆኒ ወሰደው።

በንቲ ከዚያ ቀን እስከ ክረምቱ መግቢያ እንደተበሳጨው በሕይወቱ ተበሳጭቶ አያውቅም። ቀን ቀን የሰው ወገብ ያስተካክላል፣ "ጭንቅላትህን አታንሣ፣ ጋሼ" ይላል፤ ቤት ሲገባ አባቱ ዓይን ውስጥ መግባት ያስፈራዋል። ሽማግሌው አልወቀሱትም። ቢወቅሱት ይሻለው ነበር። በመጨረሻ የክለቡን ሊቀመንበር፣ አንድ ጸጉሩ የሸሸ ፈረንጅ፣ በክብረት አስተርጓሚነት ጠየቀ። መልሱ ተነገረው፦ ሥራውን ከለቀቀ፣ ሁለት ዓመት ሙሉም በማስተማር ከማንም ምንም ነገር ካልተቀበለ፣ እንደገና እንደማንኛውም ሰው መወዳደር ይችላል።

ቡዜ ይህን ስትሰማ እጇን ወገቧ ላይ አደረገች።

"ለአንዲት ኳስ ብለህ ደሞዝ ትለቃለህ? ልጆቹ ሣር ይብሉ?"

"ለኳስ አይደለም።"

"ለምንድነው ታዲያ?"

በንቲ በዓይኑ ወደ ጓዳው በኩል፣ አባቱ ወደተኙበት መደብ አመለከታት። ቡዜ ምላሷ እንጂ ልቧ ክፉ ሴት አይደለችም። ኮቱን አጠበችው፤ ተኮሰችው፤ በአንሶላ ጠቀለለችለት። ሐምሌ 1988 ዝናብ እየዘነበ በንቲ ኮቱን ለክለቡ መለሰ።

ከዚያማ ለቡ ሄደ። ለቡ ያኔ በየቦታው ቤት ይጀመራል፤ ድንጋይ የሚሸከም ትከሻ ይፈለጋል። ካገር አንደኛው ጎልፍ ተጫዋች በአፈር መግፊያ ጋሪ ሲሚንቶ ሲገፋ፣ ፎርማኑ "አንተ ሽማግሌ፣ ፈጠን በል!" ይለዋል። ገና አርባ አልሞላውም። ሲሚንቶው መዳፉን በላው፤ ጣቶቹ ተሰነጣጠቁ። አንድ ቀን ታክሲ ውስጥ የቀድሞ ተማሪው የሆነ አባል አየውና ዓይኑን ወደ መስኮት አዞረ። ማታ ሳይመሽ ከደረሰ፣ ወንዙ ዳር የገብስ ቃርሚያው ላይ አሮጌ ዱላውን ይዞ ይወርዳል፤ ኦቦ ደገፋ ካፖርታቸውን ደርበው ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ያዩታል። የስፖርቱ ነገር ምንም አይገባቸውም፤ ኳሷ ከፍ ስትል ብቻ "ኦ!" ይላሉ። አንድ ቀን ሳል አላስተኛቸው ብሎ ካደረ በኋላ፣ "ይቺ ቀጠሮህ እስክትደርስ እኔ የትም አልሄድም" አሉት። በንቲ ያን ዕለት ለቡ ድረስ በእግሩ እየሮጠ ሄደ፤ ታክሲ መጠበቅ አላስቻለውም።

ሁለቱ ዓመት ሊሞላ ሦስት ወር ያህል ሲቀረው፣ ሕማማት ሰሞን፣ የክብረት መኪና ወንዙ ዳር ድረስ ወረደች። ከክብረት ጋር ጆኒ ነበር። ጆኒ ኳሷ ወደ ቀኝ እየጠመዘዘችበት ተቸግሯል።

"ጋሽ በንቲ፣ አንድ ጊዜ ብቻ እየኝ" አለ ልጁ፤ ከልቡ ነው የለመነው። "ሌላ ሰው እኮ አይገባውም።"

"ማየት ምን ይከለክላል?" አለ ክብረት።

በእውነትም ማየት አይከለከልም ነበር። በንቲ አየው። የግራ እግሩን ትንሽ ከፈት አስደረገው፤ የቀኝ ክርኑን ወደ ጎኑ አስጠጋለት። ጆኒ መታ። ኳሷ ቀጥ ብላ ወንዙን ተሻግራ ሄደች። በንቲ ከልጁ እኩል ጮኸ፤ ሁለት ዓመት ሙሉ እንደዚያ ደስ ብሎት አያውቅም። ምንም አልጠየቀም፤ ምንም አልሰጡትም። አመስግነው ሄዱ።

ቅዳሜ፣ የፋሲካ ዋዜማ፣ የክብረት ሹፌር የደለበ በግ እየጎተተ መጣ። "ጋሼ እንኳን አደረሳችሁ ብለዋል" አለ።

በንቲ በሩ ላይ ቆሞ በጉን አየው፤ በጉም እሱን አየው። የሊቀመንበሩ ቃል ትዝ አለው፦ ከማንም፣ ምንም። "ንገረው... አመስግንልኝና..." ብሎ ጀመረ።

"ምን ማለትህ ነው?" አለች ቡዜ ከኋላው። "የፋሲካ በግ ከደጅ ሊመለስ ነው? ምን ዓይነት ሟርት ነው! ልጆቹ የአምናውን ፋሲካ በምን እንደፈሰኩ ረሳኸው?"

ልጆቹ በጉን ከብበው ጸጉሩን ይዳስሱ ጀመር። ኦቦ ደገፋም ከመደባቸው፣ "የሰው እጅ አይመለስም፣ ልጄ" አሉ። የዓመት በዓል በግ ደሞዝ ነው እንዴ? እንኳን አደረሰህ ማለት መቼ ክፍያ ሆነ? በንቲ ይህን ለራሱ ነገረው፤ ራሱም አመነው። ገመዱን በሁለት እጁ ተቀበለ።

ክረምቱ ወጣ። ጊዜው ሞላ። ኅዳር 1991 ከውድድሩ በፊት ባለው ቅዳሜ የክለቡ ኮሚቴ የበንቲን ጉዳይ ለማየት ተሰበሰበ። ቡዜ ሸሚዙን ነጭ አድርጋ አጥባለታለች። ኦቦ ደገፋ እንግዲህ መሄድ ስላቃታቸው ጎረቤት በሁለት ጎናቸው ደግፎ አመጣቸውና ያችው ጽድ ሥር ተቀመጡ። ውድድሩ የዛሬ ሳምንት መሆኑ ተነግሯቸዋል፤ "ይሁን፣ ቦታዬን ልልመድ" አሉ።

በረንዳው ላይ ነገሩ ሁሉ ያማረ ነበር። ፈረንጁ ሊቀመንበር ፈገግ አለለት፤ ሁለት ዓመቱ መሙላቱን ተቀበለ። ቀጥሎ የመጨረሻውን ጥያቄ ጠየቀ፤ በዚህ ጊዜ ውስጥ ለማስተማር የተቀበለው ነገር አለ? ለወጉ ያህል ነው የጠየቀው፤ እስክሪብቶውን እየከደነ ነበር። በንቲ "የለም" አለ። እውነቱን ነው።

ያኔ ጆኒ፣ ዋንጫ ያዥ ስለሆነ ከኮሚቴው ጋር የተቀመጠው ጆኒ፣ ሊያግዘው ብሎ ተነሣ።

"እኔ ልናገር! ጋሽ በንቲ ገንዘብ የሚወድ ሰው አይደለም። ሕማማት ላይ እኔን እንኳ በነጻ ነው ያስተካከለኝ። እኛ ነን አፍረን ለፋሲካ በግ የላክንለት።"

በእንግሊዝኛ ደገመው። የፈረንጁ እስክሪብቶ ቆመ። ልጁ ምን እንዳደረገ ሳይገባው አሁንም ፈገግ እንዳለ ነው፤ በሱ አይፈረድም። ሁሉም ወደ ክብረት ዞረ።

"የዓመት በዓል በግ ነው እኮ፣ ጋሽ ክብረት" አለ በንቲ። "እንኳን አደረሰህ ብለህ ነው የላክልኝ። ንገራቸው።"

ክብረት መነጽሩን አውልቆ ጠረገ። አንድ ዐረፍተ ነገር ነበር የሚበቃው። ሁለት ጊዜ በዚህ ሰው የተሸነፈ ሰው አንድ ዐረፍተ ነገር ቸገረው።

"ነው፤ ነው እንጂ" አለ በመጨረሻ፣ በአማርኛ፣ ዝቅ አድርጎ። "ግን ፈረንጁን ይህን እንዴት ብዬ አስረዳዋለሁ?"

አላስረዳውም። ሁለቱ ዓመት ከበጉ ቀን ጀምሮ እንደገና ይቆጠር ተባለ። በንቲ ከበረንዳው ሲወርድ አባቱ ከጽዱ ሥር እጃቸውን ከፍ አደረጉለት፤ ነገሩ ያለቀ መስሏቸው፣ እንኳን ደስ ያለህ ሊሉት ነው። በሕይወቱ ከሄዳቸው መንገዶች ሁሉ ከዚያ በረንዳ እስከዚያ ጽድ ያለችውን ያህል የረዘመችበት የለችም። ነገራቸው። ሽማግሌው ሣሩን እያዩ፣ "በጉን ተቀበል ያልኩህ እኔ ነኝ" አሉ። ከዚያ ቀን በኋላ ከመደባቸው አልተነሡም።

ውድድሩ ተደርጎ አለፈ። አንድ እሑድ፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ክብረት በንቲ ቤት መጣ። ክንዱ ላይ ሰማያዊው ኮት፣ ከልብስ ንጽሕና ቤት እንደወጣ በፕላስቲክ ተሸፍኖ፣ ተንጠልጥሏል። ቡዜ ወንበር ጠረገችለት። ኦቦ ደገፋ ግድግዳውን ተደግፈው፣ ካፖርታቸውን እንደ ብርድ ልብስ ደርበው ተኝተው ነበር።

"እንደምን ዋሉ፣ አባቴ?" አላቸው ክብረት፤ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣ። ቀጥሎ ወደ በንቲ ዞረ። "አትቀየመኝ። ሕግ ሆኖብን ነው። እኔ ሌሊት እንቅልፍ የለኝም ስልህ። ቦታህ ክፍት ነው፤ ማንንም አላስገባንበትም። ነገ ጀምር። ለቡ ሲሚንቶ ስትገፋ ልጆችህ ምን ይሆናሉ? እስኪ እጅህን አሳየኝ!"

በንቲ እጁን አላሳየውም። የተሰነጣጠቀ መዳፉን ጭብጥ አድርጎ ቆመ። ኮቱን ከለበሰ ሁለቱ ዓመት መቼም አይጀምርም። ካልለበሰው ሁለት ዓመት ይጠብቃል፤ መደቡ ላይ ያሉት ሰው ግን ሁለት ወር የሚጠብቁ አይመስሉም። ቡዜ ትንሿን ልጅ ወደ ጉያዋ ሳብ አደረገች።

ክብረት ፕላስቲኩን ገፈፈ። ኮቱን አራገፈውና ግራና ቀኙን ይዞ ከፈተለት።

ሰው ሲያለብሱት ጀርባውን መስጠት አለበት፤ ስለዚህ በንቲ ዞረ፤ ሲዞር ከአባቱ ጋር ፊት ለፊት ሆነ። ኦቦ ደገፋ ከካፖርታቸው ሥር በክርናቸው ቀና ብለዋል። ልጃቸውን ዓይን ዓይኑን እያዩ፣ በኦሮምኛ፣ ባለቀ ትንፋሽ፣ በዕድሜያቸው ለማንም ብለውት የማያውቁትን ቃል ተናገሩ።

"አትቀበል፣ ልጄ።"

የበንቲ እጆች ግን ቀድመው እጅጌው ውስጥ ገብተው ነበር።

"ምን አሉ አባትህ?" አለ ክብረት፣ ከኋላው ትከሻውን እያስተካከለለት።

በንቲ ቁልፉን ቆለፈ።

"እግዜር ይስጥልን፣ አሉ።"